በረዶ የሞተበት ጣሪያ

ሬሳው የተገኘው ረፋዱ ላይ፣ በሙሽራ ልብስ ቤቱ ጣሪያ ላይ ነው። ሰውየው ሽፋኑ በተከፈተ የአየር ማቀዝቀዣ ማሽን ፊት ተንበርክኮ፣ ግንባሩን ከቆርቆሮው አስደግፎ፣ ሁለት እጆቹን ወደ ውስጥ እንደዘረጋ ቀርቶ ነበር። መጀመሪያ ላየው ሰው ሥራው ላይ የተመሰጠ እንጂ የሞተ አይመስልም።

ሟቹ የኤሲ ጠጋኝ ነው። ሰው ሁሉ «በረዶ» ይለዋል። ስሙን ያወጣለት ሙያው ብቻ አይደለም፤ ደንበኛ ሲጮህበት የማይጮህ፣ ማሽን ሲያስቸግረው የማይበሳጭ፣ ረጋ ያለ ወጣት ነበር።

ኢንስፔክተሯ ወደ ጣሪያው የሚያደርሰውን ደረጃ የወጣችው በየመታጠፊያው እያረፈች ነው። ጉልበቷን ያማታል። ባልደረቦቿ ከኋላዋ «ቀስ በቀስ» ይሏታል፤ ለአካሄዷም ለአእምሮዋም። ፊት ለፊቷ ማንም ደፍሮ አያነሳውም፤ እሷ ግን ታውቀዋለች።

«ሐኪሙ ኤሌክትሪክ ነው ብሏል» አላት ከላይ የሚጠብቃት ሳጅን። «የሁለቱም እጆቹ ጣቶች ተቃጥለዋል። የማሽኑን መብራት የሚያቋርጠውን ብሬከር ግን ታች ጠፍቶ ነው ያገኘነው። በላዩም ቀይ ቴፕ ተለጥፎበታል። ሟቹ ማሽን ከመክፈቱ በፊት ሁልጊዜ እንደዚያ ያደርጋል አሉ፤ ማንም እንዳያበራበት።»

«ታዲያ የጠፋ ኤሌክትሪክ እንዴት አድርጎ ገደለው?»

«የሥራ ባልደረባው ማሽኑ ውስጥ የቀረ ኃይል ነው ይላል። አደጋ ነው፣ ኢንስፔክተር። ፋይሉን ዛሬውኑ መዝጋት እንችላለን።»

«ይህን ሁሉ ደረጃ የወጣሁት ፋይል ለመዝጋት አይደለም» አለችና በቀስታ ጎንበስ አለች።

ከማሽኑ አጠገብ የሟቹ ጃኬት በሥርዓት ታጥፎ ተቀምጧል። በጃኬቱ ላይ፣ እንዳይንከባለል ይመስላል፣ አንድ ተራ የቤት አምፖል ተጋድሟል። ከአምፖሉ የወጡት ሁለት ሽቦዎች ጫፋቸው እስከ አሁን ማሽኑ ውስጥ እንደተቆነጠጠ ነው። አምፖሉን በመሐረብ ይዛ አነሳችው። ከሥሩ ጃኬቱ በክብ ቡናማ ሆኖ ተቃጥሏል፤ መሐሉም ሳስቶ ተበስቷል። አሸተተችው። የተቃጠለ ጨርቅ ሽታ ገና አልለቀቀውም።

ሁለት እርምጃ ያህል ራቅ ብሎ አንዲት ጠባብ የቆርቆሮ ክፍል አለች። ቀዝቃዛውን አየር ወደ ቤቱ የሚገፋው ማራገቢያ ያለው እዚያ ነው። ሽፋኑ ተነቅሎ ግድግዳው ላይ ተደግፏል፤ ከኋላው የወፍራሙ አየር ቧንቧ ጥቁር አፍ ወደ ታች ይወርዳል። ኢንስፔክተሯ አንገቷን አስግጋ ተመለከተችና ደረጃውን መውረድ ጀመረች።

የሟቹ ባልደረባ በሩ ላይ በርጩማ ስቦ ተቀምጧል። ጸጉሩ የሸበተ፣ ጣቶቹ የሻከሩ ሰው ነው። ሙያተኞቹ «ማስተር» ይሉታል፤ በረዶን ያስተማረውም እሱ ነው።

«ማሽኑ ምን ሆኖ ነው የተጠራችሁት?»

«ኢንቨርተር ፕሮቴክሽን እያለ ይቆማል።»

«ለማያውቅ ሰው ይንገሩኝ።»

«ኢንቨርተሩ የመጭመቂያውን ሞተር ፍጥነት የሚቆጣጠር ክፍል ነው። ሞተሩ ከልክ በላይ ኃይል ሲስብ ወይም ክፍሉ ራሱ ሲግል፣ ከመቃጠሉ በፊት ሁሉንም ነገር ያቆማል። ራሱን ለማዳን ነው።»

«ስለዚህ የታመመው ኢንቨርተሩ ነው?»

ማስተር መሬት መሬት አየ። «እኔም እንደዚያ ብዬ ቦርዱን ቀየርኩት። ብዙም ሳይቆይ መልሶ ቆመ። ከዚያ በረዶ መጣና ‹የጮኸ ሁሉ በሽተኛ አይደለም፤ አንዳንዱ ጎረቤቱ ታሞበት ነው የሚጮኸው› አለኝ። በደንበኛ ፊት! የመስመሩን ቮልቴጅ ለካ፣ ደህና ነው። የሞተሩን ጥቅል ለካ፣ ደህና ነው። እሱ ሲመጣ ማሽኑ እንደ ሰዓት ይሠራል፤ ሲሄድ ይቆማል። በመጨረሻ እሱም ግራ ገባው።»

«ግራ ሲገባው ደስ አለዎት?»

ሰውየው ቀና ብሎ አያት። መዋሸት እንደማይጠቅመው የገባው ይመስላል።

«ድሮ ደንበኛ ሲደውል ‹ማስተር ይምጣልን› ነበር የሚለው። አሁን ለእኔው ደውሎ ‹በረዶን ላክልን› ይለኛል። አዎ፣ ለአንድ ቀን ደስ ብሎኛል። ለዚህ ተብሎ ግን ልጅ አይገደልም።»

«ገደለው ያሉት የቀረ ኃይልስ?»

«ካፓሲተር የሚባል አለ። ብሬከሩ ከጠፋም በኋላ ኃይል ይዞ ይቆያል፤ ቸኩሎ የነካው ያልቅለታል።»

«አምፖሉ ምን ያደርጋል?»

«ያንን ኃይል ማፍሰሻ ነው። ሽቦዎቹን ስናገናኛቸው የቀረው በአምፖሉ በኩል ያልቃል። ብልጭ ብሎ ይጠፋል፤ ከዚያ መንካት ነው።»

«አይቆይም?»

«ምን በልቶ ይቆያል? ዓይን እስኪርገበገብ ብቻ ነው።»

«ምን በልቶ» አለች ኢንስፔክተሯ ለራሷ። ልጁ በሞተበት ሰዓት ማስተር ከመንገዱ ማዶ መለዋወጫ ቤት ውስጥ ሽቦ ሲያስቆርጥ እንደነበር ባለመለዋወጫው ለሳጅኑ አረጋግጦለታል።

የልብስ ቤቱ ባለቤት ሴት ናት። ባሏ ግን ከፊት ለፊት ባንኮ ጀርባ ተቀምጦ ገቢ ወጪውን ሲቆጣጠር ይውላል። ግዙፍ ነው፤ ማሽኑ ስለቆመ ላቡ ሸሚዙን አጣብቆበታል።

«እኔን ነው የምትጠረጥሩት» አለ፣ ገና ሳትቀመጥ።

«ለምን እርስዎን?»

«ሰፈሩን ይጠይቁ፤ ቀናተኛ ነው ይሏችኋል። አዎ፣ ቀናተኛ ነኝ! ማሽን እንዲህ ይበላሻል? ጠጋኝስ እንዲህ ይመላለሳል? እሱ በመጣ ቁጥር ሚስቴ ሽቶ ትቀባለች። ድምጿ ይለወጣል። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባላል!»

«ዛሬ ከዚህ ወንበር ተነስተው ነበር?»

«አልተነሳሁም» አለ። ዓይኑ ግን ከአፉ ቀድሞ ወደ ኋላው ኮሪደር ሄዶ ተመለሰ።

ኮሪደሩ ጫፍ ላይ ጨርቅ የሚቀመጥበት ዕቃ ቤት አለ፤ የማሽኑ ብሬከር ያለው እዚያ ነው። ኢንስፔክተሯ ቀዩን ቴፕ በጥፍሯ ጫፍ ላጥ አደረገችው። ሙጫው ላይ ነጭ የክር ብናኝ ተጣብቆበታል፤ ወለሉ ላይ የተበተነው ዓይነት። ሰሌዳው ግን ንጹሕ ነው። እንግዲህ ይህ ቴፕ ከተለጠፈ በኋላ አንድ ጊዜ ተነስቷል፤ ወለሉን ነክቶም ተመልሷል።

ከዕቃ ቤቱ ቀጥሎ ሙሽሮች የሚለኩበት ክፍል ነው። በሦስት ወገን መስታወት ተገጥሞለታል፤ ከጣሪያው ላይ ነጭ የአየር መውጫ ወንፊት አለ። የልብስ ቤቱ ባለቤት በማሳያ አሻንጉሊት ላይ የለበሰ ቬሎ ፊት ቆማለች። አርባዎቹን ያጋመሰች፣ አለባበሷ የሚያምር ሴት ናት። ዓይኗ ቀልቷል።

«እዚህ ብቻዎን ነበሩ?»

«ከዚህች ጋር ነበርኩ» አለች አሻንጉሊቷን እያሳየች። «እሷም እንደ እኔ ምንም አልሰማችም። የእህቴን ጩኸት ብቻ።»

ኢንስፔክተሯ ቬሎው ላይ አጎነበሰች። ስፒሎቹ ከብብቱ ጀምሮ እስከ ወገቡ ድረስ በክር የተለኩ ይመስል ተደርድረዋል። ወገቡ ጋ ሲደርስ አንዱ ስፒል ጠማማ ሆኖ ገብቷል፤ ከአጠገቡ የምስር ፍሬ የምታክል የደም ጠብታ አለች። ከዚያ ወዲያ ስፒል የለም።

«ባልዎ፣ ሟቹ የሚመላለሰው ለእርስዎ ሲል ነው ይላሉ።»

በሴትዮዋ ፊት ላይ አንድ ነገር ብልጭ አለ። ደስታ ይመስላል፤ ሐፍረት ተከትሎት መጣና ሸፈነው።

«ባሌ ጥላዬንም ይጠረጥራል። ልጁ ጨዋ ነበር። ቬሎ አይቶ ‹ይህ እጅ የማን ነው?› ብሎ የሚጠይቅ ወንድ ከሱ በቀር አላየሁም።»

«ማሽኑስ ለምን ይመስልዎታል እንዲያ የሚያስቸግረው?»

«ማሽኑ ምን ያድርግ? በገበር አፍነውት ሲያበቁ!» አለች በምሬት፤ ወዲያው ስፒል አንስታ በከንፈሯ ያዘች።

«በቬሎ ሥራ ስንት ዓመት ሆነዎት?» አለች ኢንስፔክተሯ፣ የሰማችው ነገር እንደሌለ ሁሉ።

«ዕድሜዬን በሙሉ።»

«እጅዎን ይወጋዎታል?»

«ሲጀማምረኝ ነበር እንጂ... አሁንማ ምን ሲደረግ።»

የሴትዮዋ ታናሽ እህት ጥልፍ ሠሪ ናት። በትንሿ የጥልፍ ክፍል ወለል ላይ ጉልበቷን አቅፋ ተቀምጣለች። አጠገቧ የቀዘቀዘ ሻይ ያለበት ብርጭቆ አለ። ኢንስፔክተሯ ጉልበቷ እየተንቋቋ ወለሉ ላይ አብራት ተቀመጠች።

«እኔ ነኝ የገደልኩት» አለች ልጅቷ።

«እንዴት አድርገሽ?»

«ማሽኑን የማበላሸው እኔ ነኝ። ጀርባው ላይ ያለውን መተንፈሻ በገበር ጨርቅ እሸፍነዋለሁ። አየር ሲያጥረው ይግላል፣ ከዚያ ይቆማል። ይጠራና ከመድረሱ በፊት ጨርቁን አነሳዋለሁ። እኔ ባላስጠራው ኖሮ ዛሬ እዚያ ባልተንበረከከ!»

«ለምን አደረግሽው?»

«እንዲመጣ ነዋ!» አለችና ፊቷን በመዳፏ ሸፈነች።

«ይህን ለማን ነግረሻል?»

«ለማንም። እትዬም አታውቅም። ዛሬ ግን ጣሪያ ላይ ሆነን ለሱ ነገርኩት። ሲለፋ አሳዘነኝ። ይቆጣል ብዬ ነበር፤ እሱ ግን በሳቅ ሞተ... ሳቀ ማለቴ ነው። ‹ጨርቅሽን አንሺ፤ ከእንግዲህ ሳይበላሽም እመጣለሁ› አለኝ። ‹ዛሬ ማታ እናቴ ጋ እወስድሻለሁ› አለኝ። ሻይ ላፈላለት እያፏጨ ትቼው ወረድኩ። ስመለስ...»

«ስትመለሺ አምፖሉ በርቶ ነበር?»

«ፀሐይ ነበር፤ አላየሁም። ጠራሁት፣ ዝም አለኝ። ጮኼ ደረጃውን ወረድኩ፤ መሐል ላይ ስደርስ ደግሞ ትቼው እንዴት እሄዳለሁ ብዬ ተመለስኩና አቀፍኩት።»

ኢንስፔክተሯ እጇን በልጅቷ ትከሻ ላይ አሳረፈች። ከዚያ ሳጅኑን ጠርታ ጆሮው ላይ አንሾካሾከችለት።

ሁሉም በመለኪያው ክፍል ተሰበሰቡ። ባልየው በሩ ሥር፣ ማስተር ጥግ ይዞ፣ ሴትዮዋ ከቬሎው ጎን፣ ጥልፍ ሠሪዋ በርጩማ ላይ። ኢንስፔክተሯ ከመካከላቸው ወንበር ስባ ተቀመጠች።

«አንድ ጊዜ ዝም እንበል» አለች።

ዝም አሉ። ከዚያም ከራሳቸው በላይ የሰው ድምፅ ተሰማ፦

«ኢንስፔክተር፣ ጣሪያው ላይ ከማሽኑ አጠገብ ቆሜያለሁ። ሳልጮህ ነው የማወራው። ፀሐዩ ግን አናቴን በሳኝ።»

ሁሉም ወደ ወንፊቱ አንጋጠጡ።

«ሳጅኑ ነው» አለች ኢንስፔክተሯ። «ማራገቢያው ሲሠራ ነፋሱ ድምፁን ይውጠዋል። ማሽኑ ቆሞ ሽፋኑ ሲነቀል ግን ቧንቧው የላይኛውን ወሬ እዚህ አምጥቶ ያፈሳል። አሁን ከመጀመሪያው ልጀምር። አደጋ ነው ተብሏል። ብሬከሩ ጠፍቶ ነበር፣ ካፓሲተሩ ገደለው ተብሏል። ማስተር፣ አምፖሉ በካፓሲተር ኃይል ምን ያህል ይበራል?»

«ብልጭ ይልና ይጠፋል። ነግሬዎታለሁ።»

ጃኬቱን ዘርግታ አሳየችው። «አምፖሉ የተጋደመው በዚህ ላይ ነው።»

ማስተር የተቃጠለውን ክብ በአውራ ጣቱ ዳበሰው። ፊቱ ቀስ እያለ ተለወጠ።

«ይህን ያህል ለማቃጠል... ቆይቶ መብራት አለበት። ዋናው መስመር ተመልሶ ካልመጣ በቀር አይሆንም።» ጃኬቱን ከእጇ ተቀበላት። «ልጁ አልቸኮለም። ኃይሉን አፍስሶ ነው የነካው። ከዚያ ሰው አበራበት!»

«አዎ፣ አበራበት። እርስዎ እጅዎ ቢኖርበት ኖሮ ስለ አምፖሉ እንዲያ ብለው አይነግሩኝም ነበር። ከዚያ ደግሞ ሰው መልሶ አጠፋው፤ ቴፑንም ከወለል አንስቶ ለጠፈው።» ወደ ባልየው ዞረች። «ሲያጠፉት ምን አስበው ነበር?»

ግዙፉ ሰው ግድግዳውን ተደገፈ።

«ጩኸቱን ሰምቼ ሮጥኩ። ብሬከሩ ወደ ላይ ተነስቷል፤ ቴፑ መሬት ወድቋል። አወረድኩት። ከዚያ ነገሩ ገባኝ። ቅናቴን ሰው ሁሉ ያውቀዋል፤ እሱ ነው ያበራው ይሉኛል ብዬ ፈራሁ። ቴፑን መልሼ ለጠፍኩት። አላበራሁትም! በልጆቼ...»

«እንዳላበሩት አውቃለሁ። ያበራው ሰው ጣሪያ ላይ የተወራውን ሰምቷል። እርስዎ ባንኮ ላይ ሆነው አይሰሙም። እዚህ ክፍል ውስጥ የነበረች ሴት ግን ‹ምንም አልሰማሁም› አለችኝ። ያንኑ ስትነግረኝ ደግሞ ቬሎው ላይ ደም ነበር። ዕድሜዋን በሙሉ ስፒል ስትተክል የኖረች ሴት እጇን የምትወጋው ምን ስትሰማ ነው?»

ሴትዮዋ ቀጥ ብላ ቆማለች። «ደክሞኝ ነው የተወጋሁት። ይህ ማስረጃ ነው?»

«አይደለም። ማስረጃው የእርስዎ ቃል ነው። ማሽኑ ለምን እንደሚቆም ስጠይቅዎ ‹በገበር አፍነውት ሲያበቁ› አሉኝ። ማስተር ይህን አያውቅም። ባልዎ አያውቁም። ያደረገችው ልጅ ለአንድ ሰው ብቻ ነው የተናገረችው፤ ዛሬ፣ ጣሪያ ላይ። ያ ሰው ለማንም ሳይናገር ሞቷል። ገበር የሚለውን ቃል ከየት አመጡት?»

ጥልፍ ሠሪዋ ቀስ ብላ ተነሳች። «እትዬ?»

ከአፍ የወጣ አፋፍ ነው። ሴትዮዋ ወንበር ፈልጋ ስታጣ የቬሎውን ትከሻ ያዘች።

«ለእኔ የሚመጣ መስሎኝ ነበር» አለች በመጨረሻ። «ምንም አላለኝም፤ ምንም አላደረገኝም። ዝም ብዬ ራሴን አታለልኩ። ማሽኑ ሲቆም ደስ ይለኝ ነበር። ዛሬ እሷ ስትነግረው፣ እሱ ሲስቅ... ከዚያ እሷ ወረደች። እሱ ብቻውን ቀረና ማፏጨት ጀመረ። ደስ ብሎት! እዚህ፣ ከራሴ በላይ! አላስችል አለኝ። ነፋሱ ቢነሳ አልሰማውም ብዬ ነው። ፉጨቱ እንዲሸፈንልኝ ብቻ ነው የፈለግኩት።»

«ቴፑን ሲልጡ እጁ የት እንዳለ ያውቁ ነበር» አለች ኢንስፔክተሯ በዝግታ።

ሴትዮዋ አላስተባበለችም።

«አንድ የማያውቁት ነገር ደግሞ አለ። እህትዎ ጮኻ ወርዳ፣ መሐል ደረጃ ላይ ሐሳቧን ለውጣ ተመልሳ ወጣችና አቀፈችው። ባልዎ በዚያች ቅጽበት ብሬከሩን ባያወርዱ ኖሮ፣ ዛሬ የምናወርደው ሁለት ሬሳ ነበር።»

ሴትዮዋ ወደ እህቷ ዞረች። እናታቸው ከሞተች ወዲህ አቅፋ ያሳደገቻት፣ መርፌ መያዝ ያስተማረቻት ይህች ታናሽ እህቷ ናት። ያን ጊዜ ከቬሎው ጋር ተያይዛ ወለሉ ላይ ወደቀች። ልጅቷ ልታነሳት አንድ እርምጃ ሄደች፤ ከዚያ ቆመች፤ ወደ ኋላዋም ተመለሰች።

ሳጅኑ ከጣሪያው ወርዶ ሴትዮዋን ሲያስነሳ፣ ባልየው ከመስቀያው ላይ ሹራቧን አወረደና አለበሳት። ቁልፎቹን በወፍራም ጣቶቹ አንድ በአንድ ቆለፈላት።

«ይወድሽ ነበር?» አላት በሹክሹክታ።

«አይ።»

«አንቺስ?»

ፊቷን አዙራ ወጣች። ባልየው በሩ ላይ ቆሞ ቀረ። ስንት ዓመት ሲጠረጥር ኖሮ፣ ዛሬ ልክ ሆኖ ሲገኝ ምን እንደሚያደርግበት አላወቀም።

ማስተር የሟቹን መሣሪያዎች ሰብስቦ በትከሻው አንጠለጠለ። ለእናቱ መርዶውን የሚነግረው እሱ ነው፤ ሌላ ሰው የለም። ጥልፍ ሠሪዋ በመንገዱ ላይ ተከተለችው። ጎን ለጎን ሄዱ።

«ጋሼ» አለችው የበረዶ ቤት በር ላይ ሲደርሱ። «ዛሬ ማታ እናቴ ጋ እወስድሻለሁ ብሎኝ ነበር። አሁን ማን ነሽ ብትለኝ ምን እላታለሁ?»

ማስተር ቆመ። በዚያ ልጅ ቀንቶ ያሳለፋቸውን ቀናት ሁሉ አስታወሰ።

«ዛሬ ማታ ሊያመጣልዎ የነበረው እኔን ነው በያት» አላትና በሩን አንኳኳ።